የማህፀን መውጣት ኦፕራሲዮን ካደረጉ በኋላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማህፀን መውጣት የሚባለው ማህፀን፣ የሽንት ፊኛ ወይም አንጀት ከቦታው ወርዶ ወደ ብልት ሲገፋ ነው። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለዚህ ኦፕራሲዮን አድርገው ወደ ቤት ለሚመለሱ ሴቶች ነው። ለልጆቻቸውና ለባሎቻቸውም ጭምር። ሐኪሙ ሥራውን በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት የቤተሰቡ ናቸው። ውሃውን ማን ይቀዳል፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል የሚለው እዚህ ውስጥ ደጋግሞ ይነሳል። ምክንያቱም ኦፕራሲዮኑ መያዝ አለመያዙ በእሱ ላይ ብዙ ይወሰናል። ከታች ያለው አጠቃላይ ምክር ነው። የእርስዎ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የሐኪሙን ይከተሉ።

ለመሆኑ ምን ተሠራልኝ?

ብዙ እናቶች "ሰፉልኝ" ብለው ብቻ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ግን የማህፀን መውጣት አንድ ዓይነት አይደለም። ኦፕራሲዮኑም እንደዚያው ይለያያል። የወረደው ማህፀኑ ራሱ ከሆነ፣ ሐኪሙ በብልት በኩል ሊያወጣው ይችላል። ወይም ሳያወጣ ወደ ቦታው መልሶ በክር ያስረዋል። የወረደው የሽንት ፊኛ ከሆነ የብልት የፊት ግድግዳ ይጠገናል። አንጀት ወደ ፊት ገፍቶ ከሆነ ደግሞ የኋላው ግድግዳ ይሰፋል። ሁለት ሦስቱ በአንድ ቀን የሚሠራላቸው ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸው ለገፋና ከእንግዲህ ግንኙነት ለማይፈልጉ እናቶች ብልቱን የሚዘጋ ኦፕራሲዮንም አለ።

ከሆስፒታል ሳይወጡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ "ማህፀኔ አለ ወይስ በኦፕራሲዮኑ ተነስቷል?" መልሱ መውጫ ወረቀትዎ ላይ ይጻፍልዎ። ከዓመታት በኋላ ደም ቢታይዎ ወይም ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፣ ያቺ አንድ መስመር ብዙ ምርመራና ብዙ ወጪ ታስቀራለች።

ሆስፒታል ስንት ቀን እቆያለሁ? የሽንት ቱቦውስ መቼ ይወጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ቆይታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ከማደንዘዣ ሲነቁ የሽንት ቱቦ ገብቶልዎ ያገኙታል። ደም እንዳይፈስ ብልት ውስጥም ጎዝ የሚባል የሕክምና ጨርቅ ተጠቅጥቆ ሊሆን ይችላል። አይደንግጡ። ጎዙ በማግስቱ ይወጣል። ቱቦውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ በደንብ ሳይሸኑ ግን ከሆስፒታል አይውጡ። ፊኛ አካባቢ የተሰፋላት ሴት ለጊዜው ሽንት ሊዘጋባት ይችላል። ጠብ ጠብ እያለ ብቻ ከወጣ፣ ወይም ከእምብርት በታች ከተነፋ፣ ለነርሷ ይንገሩ። ቱቦው ለጥቂት ቀናት ተመልሶ ይገባል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች ይስተካከላሉ። "ሰው አስቸግራለሁ" ብለው ዝም የሚሉ እናቶች አሉ። ፊኛ ሞልቶ ሲለጠጥ ስፌቱም ይወጠራል፣ ስለዚህ ዝም አይበሉ።

ቤቴ ሩቅ ገጠር ነው። አውቶቡስ መሳፈር የምችለው መቼ ነው?

ሐኪሙ "መውጣት ይችላሉ" ባለበት ቀን የሰባት ስምንት ሰዓት መንገድ መጀመር ጥሩ አይደለም። መንገዱ ስፌቱን ይበጥሰዋል ብዬ አይደለም። ደም ቢበረታ ወይም ሽንት ቢዘጋ መሀል መንገድ ላይ የሚረዳ አይገኝም። ረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥም እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ጥቂት ቀን እዚያ ይሰንብቱ። ከሌለዎት ይህንኑ ለሆስፒታሉ ይንገሩ። ከሩቅ ለሚመጡ ሴቶች ማረፊያ ያላቸው የሕክምና ቦታዎች አሉ።

ሲሳፈሩ ከፊት በኩል ይቀመጡ፣ የኋላው ወንበር ይበልጥ ያንገጫግጫል። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው ጥቂት ይራመዱ። ተቀምጠው ሳሉም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ውሃ ይጠጡ፣ ሽንትም አይያዙ። "ሾፌሩን አስቁሙልኝ" ማለት ለታመመች ሴት ከባድ ነው፤ ይህ የአስታማሚው ሥራ ይሁን። ከአውቶቡስ ከወረዱ በኋላ በቅሎ ወይም ሞተር ላይ መቀመጥ ይቅርብዎ። ቀስ ብሎ፣ እያረፉ መራመድ ይሻላል።

ከባድ ነገር ማንሳት የምጀምረው መቼ ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው።

ከባድ ነገር ስናነሳ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። ግፊቱ የሚያርፈው ልክ አዲሱ ስፌት ላይ ነው። ክሩ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የራስዎ ሥጋ ነው። ሥጋው ከውስጥ ለመጠንከር ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ያኔም ቢሆን የቀድሞ ጥንካሬውን ሙሉ በሙሉ አያገኝም። ሕመሙ ግን በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠፋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አካል "ዳንኩ" ይላል፣ ስፌቱ ግን ገና ነው።

በግምት እንዲህ ይያዙት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ከሚመዝነው በላይ አይያዙ። እስከ ስድስት ሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያልፋል። እሱን ቢያንስ እስከ ሦስት ወር አይሞክሩት። እኔን ከጠየቁኝ፣ ከሦስት ወር በኋላም ያን ጀሪካን በጀርባዎ አይዘሉት። በባለ አምስት ሊትር መመላለስ ይቻላል። አህያ ወይም ጋሪ ካለ ደግሞ እሰየው።

ሰው የሚሳሳተው ክብደቱ በኪሎ በማይቆጠር ሥራ ላይ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ዘጠኝ አሥር ኪሎ ይሆናል። ማዘልም ሆነ ከመሬት ማንሳት የለብዎትም። ተቀምጠው ሳሉ ሌላ ሰው ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎ። ሊጥ የሞላው ባልዲ ከባድ ነው። የረጠበ ብርድ ልብስ መጭመቅም ከባድ ነው። እንጨት መልቀም፣ ሙቀጫ መውቀጥ፣ የጠላ ጋን ማንቀሳቀስ፣ ሲያርሙ መዋል፣ እነዚህ ሁሉ ሦስት ወር ይጠብቁ። እንጀራ መጋገርስ? ከስድስት ሳምንት በኋላ ሊጡን ሌላ ሰው ካቀረበልዎና በርጩማ ላይ ከተቀመጡ ጥቂት መጋገር ይቻላል። ቁጢጥ ብሎ መዋል ግን አይሆንም።

ይህ ማለት ተኝተው ይዋሉ ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተነስተው ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሱ። ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ሰፈር እያሉ እርምጃዎን በየቀኑ ያርዝሙ። መራመድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ሆድ ድርቀትንም ይከላከላል። ከሳምንት በኋላ ተቀምጠው ቡና ቢያፈሉ፣ ሽንኩርት ቢከትፉ ችግር የለውም።

እናቴ "ድኛለሁ" ብላ ሥራ ጀመረች። እኔ ያለሁት ሩቅ ነው። ምን ላድርግ?

ይህን የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ ወጪውን የሸፈነችው ልጅ ናት። አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ሆና በስልክ ብቻ የምትከታተል።

እህቴ፣ በስልክ "እማዬ እረፊ" ማለት ብቻውን ምንም አይለውጥም። ሥራው ሠሪ አጥቶ ከጠበቃት እናትሽ መሥራቷ አይቀርም። ስለዚህ ምክርሽን ቀንሰሽ ሥራውን የሚይዝ ሰው ፈልጊ። ለሕክምናው ከምትልኪው ብር ላይ ለሦስት ወር ውሃ ለሚቀዳና እንጀራ ለሚጋግር ሰው የሚከፈል ለይተሽ አስቀምጪ። እሱም እንደ መድኃኒቱ የሕክምናው ወጪ ነው። ወንድሞችሽ ካሉ በስም ጠርተሽ ተነጋገሪ። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው የሚባልበት ቤት ከሆነ፣ ይህ ልማድ ለሦስት ወር እንኳ ካልቆመ የእናታችሁ ስፌት እንደማይቆይ ንገሪያቸው። እንዲህ በግልጽ ሲነገራቸው የሚሰሙ ወንዶች ብዙ ናቸው።

ኦፕራሲዮኑ ገና ካልተሠራ ደግሞ ቀኑን ምረጡ። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት መጠበቅ የሚችል ነው። ቀጠሮው አጨዳ ላይ ወይም ትልቅ ድግስ ዋዜማ ላይ እንዳይውል ሐኪሙን ጠይቁ። ከመግባቷ በፊት ዱቄቱ ይፈጭ፣ በርበሬው ይዘጋጅ፣ እንጨቱ ይከመር።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አራስ መጠየቅ እናውቅበታለን። አራስን ውሃ ቅጂ የሚላት የለም፤ ገንፎው ይመጣል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ይህችም ሴት ልክ እንደ አራስ መታየት አለባት። ግን ሕፃን አልታቀፈችም፣ ምን እንደተሠራላትም ለሰው አትናገርም። ስለዚህ ማንም ልብ አይላትም። ምስጢሯ ይጠበቅላት። ለጎረቤት "ኦፕራሲዮን አድርጋለች፣ ሐኪም ሸክም ከልክሏታል" ማለት ይበቃል።

ሆዴ ደርቋል። ማማጥ ፈራሁ። ምን ልብላ?

መፍራትዎ ትክክል ነው። ማማጥ ጀሪካን ከማንሳት አይለይም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ማደንዘዣውም፣ የሕመም ማስታገሻውም፣ ብዙ መተኛቱም ሆድ ያደርቃሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ካልታዘዘልዎ ይጠይቁ። ከታዘዘልዎም "ሆዴ ደህና ነው" ብለው ወዲያው አያቋርጡት።

ከቤት ያለው ምግብ በቂ ነው። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ባቄላ ጥሩ ናቸው። ፓፓያና ብርቱካን ከተገኘም ይጨመር። ተልባ በተለይ ይመከራል። ተቆልቶ የተፈጨውን በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከላዩ ግን ብዙ ውሃ ያስከትሉበት። በቀን ከስምንት ብርጭቆ ያላነሰ ፈሳሽ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ሥጋና ዶሮ ብቻ እየተሠራ "ደም ትተካ" ተብሎ የሚቀርብላት ሴት ብዙ ጊዜ ሆዷ ይደርቃል። ሥጋው አይከልከል፣ ጎመኑ ግን አብሮ ይቅረብ።

ሽንት ቤት ሲገቡ አይቸኩሉ፣ ትንፋሽዎንም አይያዙ። የወንበር ሽንት ቤት ከሆነ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ያድርጉ። ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነና ካቃተዎ፣ መሀሉ የተቀደደ ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ሊቀመጥልዎ ይችላል። ካልመጣ ይነሱና ቆይተው ይመለሱ።

ጾምና ስግደትስ?

የጾም ምግብ በራሱ ለሆድ ተስማሚ ነው። የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መቆየቱና መድኃኒት መዝለሉ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለታመመ ሰው የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ናቸው። ወድቆ መነሳት ያለበት ስግደት እስከ ሐኪም ቀጠሮዎ ይቆይ። ኦፕራሲዮኑ ከሰሞነ ሕማማት በፊት ባሉት ሳምንታት ከተሠራ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ቅዳሴ ላይም ቢሆን ረጅም ሰዓት ከመቆም ተቀምጠው ያስቀድሱ።

ሙስሊም ለሆኑ እህቶችም በሽተኛ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። የረመዳንን ጾምም ሲሻል በሌላ ቀን ቀዳ ማውጣት ይቻላል።

ደምና ፈሳሽ እስከ መቼ ይቀጥላል?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ደም ይኖራል። እየቀነሰ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይለወጣል። ይህ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ክሩ ሲሟሟ የሚፈጥረው ፈሳሽ ነው። የክር ቁራጭ ሞዴስ ላይ ቢያዩ ስፌቱ ተፈታ ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ጥቂት ደም ተመልሶ ሊታይም ይችላል።

ሞዴስ ወይም ንጹሕ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጨርቅ ይጠቀሙ። ብልት ውስጥ የሚገባ ምንም ነገር አይጠቀሙ።

ገላዬን መታጠብ እችላለሁ? ጸበልስ? ወይባስ?

መታጠብ ይችላሉ፣ ይገባልም። ለብ ባለ ውሃ ከውጪ በኩል ብቻ ታጥበው በንጹሕ ፎጣ ያድርቁ። ሳሙና፣ ዴቶል ወይም ጨው ወደ ውስጥ አያስገቡ። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለስድስት ሳምንት ይቅር።

ጸበል ጠጥተው ቢረጩም ሕክምናውን አይቃወምም። ፈሳሹ ሳይቆም ሕዝብ በሚጠመቅበት ገንዳ ውስጥ መግባት ግን ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ወይባ ጢስ መሞቅ በወሎም በሌሎችም አካባቢዎች የተወደደ ልማድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚሞቁ እናቶች "ይኼም ያው ነው፣ ያጠናክራል" ብለው ይቀመጡበታል። ስፌት ባለበት ብልት ላይ ጢስና ሙቀት መስጠት ቁስሉን ያቃጥለዋል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። በመቀነት ወገብ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም እንዲሁ። ማህፀኑን ወደ ላይ የሚይዘው ይመስላል፣ የሚያደርገው ግን ሆድን ወደ ታች መጫን ነው።

ሕመሙ ልክ ነው ወይስ ችግር አለ?

ከታች በኩል የመወጠርና የመቆርቆር ስሜት ለጥቂት ሳምንታት ይኖራል። የብልቱ የውስጠኛው ጫፍ ከዳሌ ጅማት ጋር ከታሰረ አንደኛው ቂጥ ላይ የሚወጋ ሕመም ሊመጣ ይችላል። እሱም በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል። የታዘዘውን ማስታገሻ በሰዓቱ ይውሰዱ። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ይታዩ።

ድሮ ያልነበረ ሽንት ማምለጥ ጀመረኝ። ኦፕራሲዮኑ ተበላሸ?

አልተበላሸም። የወረደው ፊኛ የሽንት መውጫውን አጥፎት ነበር። አሁን ሲቃና፣ ተደብቆ የነበረው ድክመት ወጣ። ሲስሉ ወይም ሲስቁ ጠብ የሚል ከሆነ የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴ (አሠራሩ ከታች አለ) ብዙዎችን ይረዳል። ካልሆነም ሌላ ሕክምና አለው። በቀጠሮዎ ቀን ሳያፍሩ ይንገሩ።

ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊኛው ላይ ፊስቱላ የሚባል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ኦፕራሲዮኑ ወደተሠራበት ሆስፒታል ይመለሱ። እዚያ ካልተቻለ ሪፈር ይጠይቁ። ይህን የሚያክመው የሀምሊን ፊስቱላ ዋና ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይም ማዕከላት አሉት።

ከባለቤቴ ጋር መገናኘት የምንችለው መቼ ነው?

ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙ አይቶ "ድኗል" ሲል ነው። ፈሳሹና ደሙም መቆም አለባቸው። መጀመሪያ ላይ መድረቅና መጥበብ ሊሰማዎ ይችላል። ቀስ ማለት ይረዳል። የወር አበባ ለቆመባቸው ሴቶች ሐኪም ብልት ላይ የሚቀባ የሆርሞን ክሬም ሊያዝ ይችላል። ከወራት በኋላም ካመመዎ አይቻሉት፣ ይነጋገሩበት።

ባል ለሆንክ አንባቢ ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጊዜ መጠበቅ የአንተም ድርሻ ነው። እሷ "አይሆንም" እንድትል አትጠብቅ። በብዙ ቤት ሚስት ይህን ለማለት ድፍረቱም ዕድሉም የላትም። ስፌቱ ሳይድን የሚደረግ ግንኙነት ደም ያፈስሳል፣ ስፌት ይከፍታል። ከሆስፒታል ስትወጣም አብረሃት ሐኪሙ ዘንድ ግባ፣ ቀኑን ራስህ ስማ።

ማህፀናቸው የቀረላቸውና ገና የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች እርግዝና ሊፈጠር እንደሚችል አይርሱ። ሌላ ልጅ ካሰቡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። እርግዝናና ምጥ የተጠገነውን እንደገና ሊያላላው ይችላል።

ማህፀኔ በኦፕራሲዮን ተነስቷል። ሴትነቴ አብሮ ሄደ?

አልሄደም። ማህፀን ሲነሳ የወር አበባ ይቆማል፣ እርግዝናም አይኖርም። የእንቁላል ማምረቻዎቹ ካልተነሱ ሆርሞኑ እንደ በፊቱ ይቀጥላል። "ውስጧ ባዶ ነው" የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም። ቦታው በአንጀት ይሞላል፣ ብልቱም የውስጠኛው ጫፉ ብቻ ተሰፍቶ ይዘጋል። ማዘን ግን ያለ ነው። በተለይ ተጨማሪ ልጅ ተስፋ ያደርጉ ለነበሩ ሴቶች ሐዘኑ እውነተኛ ሐዘን ነው፣ "ተገላገልሽ" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ብዙዎቹ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሳይሳቀቁ ሰው መሀል መቀመጥ መቻላቸውን ሲያዩ እፎይ ይላሉ። ሁለቱም ስሜት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሮጥ ያለብኝ መቼ ነው?

አንድ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም ወይም የረጋ ትልልቅ ደም ካለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎ። ፈሳሹ ከሸተተ። ሽንት ከተዘጋ፣ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለና ከወገብ ካመመ። ሆድ ከተነፋና ማስመለስ ካለ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመም ያው ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ። እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ቢሆንም መጀመሪያ እዚያ ይድረሱ። መውጫ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ።

ተመልሶ ይወጣል?

ሊወጣ ይችላል። ኦፕራሲዮን ካደረጉ አራት ሴቶች ውስጥ አንዷ ገደማ ከጊዜ በኋላ መልሶ ይወርድባታል። ያው ቦታ ላይ ወይም ሌላኛው ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን እንደገና ኦፕራሲዮን አያስፈልጋቸውም።

ዕድሉን ለመቀነስ በእጃችን ያለው ይህ ነው፦ ሸክም መቀነስ፣ ሆድ እንዳይደርቅ መጠንቀቅ፣ ሳል መታከም። ሳልን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ጭስ እየታጠነች ዓመቱን ሙሉ የምትስል ሴት ስፌቷን በየቀኑ ትገፋዋለች። ቢያንስ በር ተከፍቶ፣ ከተቻለም ጭሱ መውጫ ባለው ምድጃ ይሠራ።

የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴም አለ። ሐኪም ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ሽንትንና ፈስን አንድ ላይ ለመያዝ እንደሚሞክሩ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ። አምስት እስኪቆጥሩ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ትንፋሽ አይያዝም፣ ቂጥና ጭንም አይጨመቅም። ቡና እየተፈላ፣ ሰው ሳያውቅ የሚሠራ ነው።

የምኖረው አሜሪካ ነው። "መረብ" ገብቶልሻል ተብያለሁ። ልስጋ?

መረብ የወረደውን ለመደገፍ ውስጥ የሚሰፋ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ለማህፀን መውጣት በብልት በኩል የሚገባው መረብ እንዳይሸጥ አዟል። በሆድ በኩል የሚሰፋው መረብ ግን አሁንም ይሠራበታል። ሽንት እንዳያመልጥ የሚገባው ቀጭን ማሰሪያም ሌላ ነው። ምንም ችግር ካልተሰማሽ እንዲወጣ መጠየቅ አያስፈልግሽም። ደም፣ ሕመም ወይም ባልሽን የሚወጋው ነገር ካለ ግን ታዪ። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብትሽን ተጠቀሚበት። የገዛ ልጅሽ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያስተረጉም አታስገድጂው።

የተቀጠርኩት ሰው ቤት ነው። ሥራ መቼ ልመለስ?

ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊበቃው ይችላል። የቤት ሠራተኛ ግን ምንጣፍ ታነሳለች፣ ባልዲ ትሸከማለች፣ አዛውንት ታነሳለች። እዚህ አገርም ሆነ አረብ አገር ይህ ሥራ ሦስት ወር ይጠብቅ። ሐኪሙ "ከአምስት ኪሎ በላይ አታነሳም" የሚል ወረቀት በቀን ገድቦ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። በቃል የተባለው በአሠሪ ፊት ብዙም አይሠራም።

ተሽሎኛል። የስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ ላይ መሄድ ግድ ነው?

ግድ ነው። ስፌቱ መዳኑ የሚታየው ያን ቀን ነው። የትራንስፖርቱን ብር ከኦፕራሲዮኑ ወጪ ጋር አብረው ያስቀምጡ። መውጫ ወረቀቱንና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ "እንዴት ነሽ?" ሲል "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው አይጨርሱት። ሽንቱን፣ ሰገራውን፣ ሕመሙን፣ ግንኙነቱን አንድ በአንድ ይንገሩ። ወንድ ሐኪም ፊት መናገር ከከበደዎ ሴት ነርስ እንድትገባ ይጠይቁ። ከቤት ሲነሱም ጥያቄዎቹን ለልጅዎ አስጽፈው ወረቀቱን ለሐኪሙ መስጠት ይችላሉ።